ጥሩምባዬ እና የከድር ፍሪጅ ውስጥ የገባችው ብልቃጥ

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው አዲስ ነገር አይማርም የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን ነው። ሽማግሌ ይማራል፤ ብቻ እየተጨቃጨቀ ነው የሚማረው። ወጣት የተነገረውን ይጽፋል፣ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳል። ሽማግሌ ግን የተነገረውን አይቀበልም። ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ ጋቢውን አራግፎ ይሄዳል... ኋላ ጋደም ብሎ ሲያስበው እውነት ሆኖ ያገኘዋል። ለማንም ግን አይናገርም። እኔ ዛሬ ልናገር ነው፤ እናንተ ግን ለከድር እንዳትነግሩብኝ።

ለማታውቁኝ፣ ኦልታዬ እባላለሁ። በጋሞ አገር፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ጀርባ ነው ቤቴ። የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስጽፍ እንሰት እንደምትፍቅ ሴት ጎንበስ ብዬ፣ ላብ ጠብ እያለኝ ነው፤ ቃል ከጎደለ ራሳችሁ ሙሉበት።

ጥሩምባ መንፋት ለማያውቀው ቀላል ይመስለዋል። ሳንባ ያለው ሁሉ የሚነፋው ይመስለዋል። ሳንባ በሬም አለው። ሥራው ያለው ማወቁ ላይ ነው። የታመመ ሰው በር ላይ አይነፋም። «ዛሬን አያድርም» በተባለ ሰው በር ላይም አይነፋም፤ ስንቱ እንዲህ ተብሎ ተነስቶ ሙዝ ተክሏል መሰላችሁ። የሚነፋው ሞት በገባበት ቤት ብቻ ነው። ደግሞ ሌላ ሕግ አለን፤ ጥሩምባ ነፊ ወሬው ሲደርሰው አፉን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ ይሄዳል። ሰብሳቢው ሳይሰማ ለማንም አይተነፍስም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ይቺን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የምትሠራኝ እሷ ናት።

የዕድራችን ሰብሳቢ ከድር ነው። ከድር የጅምላ ነጋዴ ነው። ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ ጋሞኛውን ከእኔ ልጆች አስበልጦ ያቀላጥፈዋል። ዘመናችንን በሙሉ «አንተ» ስንባባል ነው የኖርነው። አንድ እሑድ ታዲያ ስብሰባ ላይ ተነሳና «አንቱ» አለኝ። አንባቢዬ፣ አንተ ሲልህ የኖረ ሰው ድንገት አንቱ ካለህ ከወንበርህ ሊያነሳህ ነው።

«ጋሽ ኦልታዬ ብዙ ለፍተዋል፤ አሁን ይረፉ» አለ። «ዘመኑ የሞንታርቦ ነው። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን አንዴ ስንዞር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።»

ሰው አጨበጨበ። ለእኔ ዕረፍት ይሁን ለሞንታርቦው፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ተነሳሁ። «ጥሩምባዋን ከእጄ የሚወስድ የለም» አልኩ። «የከድርን ሱቅ ደጃፍም ከዛሬ ጀምሮ አልረግጥም።» ስብሰባው ነገሩን ለሌላ ጊዜ አቆየውና ተበተነ። እኔ ግን ቃሌን ጠበቅሁ። ስኳሩንም ሳሙናውንም ሚስቴ ወርቄ ትገዛለች። እኔ የሱቁ ጥግ ስደርስ መንገድ እሻገራለሁ። ባጃጅ ሊገጨኝ ቢመጣም እሻገራለሁ። ጥሩምባዋንም ከትከሻዬ ማውረድ ተውኩ፤ ቤት ትቻት ብወጣ ከድር ሰው ልኮ የሚያስወስዳት ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ሰላማዊት አንድ ቀን ነጭ የፎም ሳጥን ታቅፋ መጣች።

ሰላማዊት የጓሮዋን ክፍል የተከራየችን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ስትመጣ ሙቀቱ ሊያቀልጣት ነበር። አሁን ከወርቄ ጋር ተቀምጣ ሃላኮ በኩርኩፋ ስትበላ ያያት ሰው የአገር ልጅ ይላታል። ሃላኮ እናንተ ሺፈራው የምትሉት ቅጠል ነው፤ በየደጃችን ያለው። ኩርኩፋ ደግሞ አብሮት የሚቀቀል የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ነው።

«አባባ፣ ይቺን ፍሪጅዎ ውስጥ ላስቀምጥ? የምንሠራበት ክፍል እድሳት ላይ ነው።»

«አሳ ነው?» አልኳት። በእኛ ከተማ በፎም ሳጥን፣ በበረዶ ተከቦ የሚመጣ ነገር አሳ ነው።

«አሳ አይደለም፤ አንቲቦዲ ነው።»

«ከጫሞ ነው ከአባያ?»

«ከባሕር ማዶ ነው አባባ» ብላ ሳቀች።

ሳጥኑን ከፈተችው። ውስጡ በረዶ። በበረዶው ውስጥ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ውስጥ ሌላ ላስቲክ፣ በዚያ ውስጥ የሕፃን ጣት ጫፍ የምታክል ብልቃጥ። ብልቃጧ ውስጥ ደግሞ እንባ የምታክል ውሃ።

«ይሄን ሁሉ ልብስ የለበሰችው ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። ካዘዝናት ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ።»

ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። ልጅቷ ደግሞ ማስረዳት ትወዳለች፤ ወርቄ ሽንኩርት እየላጠች፣ እኔ እየተከራከርኩ አስረዳችን። ሰውነታችን ሴል በሚባሉ ትንንሽ ቤቶች የተሠራ ነው አለች። እያንዳንዱ ሴል የሚሞትበት ሥርዓት አብሮት የተሰጠው ነው። ካስፔዝ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በየቤቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ክፉም ደግም አይናገር። የቤቱ ቀን ሲደርስ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ነው የሚነቃው፤ ተነስቶ ቤቱን በሥርዓት ያፈርሳል።

«እና ይቺ ብልቃጥስ?»

«ይቺ ያንን የተቆረጠውን ካስፔዝ ፈልጋ ትይዘዋለች። የተቀመጠውን አይታ ታልፈዋለች፤ አትነካውም። የተቆረጠው ጋ ብቻ ሄዳ ትቆማለች። በሺህ ቤቶች መካከል ሞት የገባበትን ቤት ለይታ ታውቃለች።»

ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። «ጥሩምባ ነፊ ናት በይኛ!»

«በትክክል» አለች። «እንደ እርስዎ ናት።»

ይህን የሰማችው ወርቄ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ «ተይ ልጄ፣ ዛሬ እራት አይበላም፤ በዚህ ጠግቧል» አለቻት።

ሰላማዊት የምትመራመረው የሃላኮ ቅጠል የካንሰርን ሴል በሥርዓቱ እንዲሞት ያደርገው እንደሆን ነው። እዚህ ላይ ተጣላን። «ሃላኮ ስበላ ነው ሰባ አንድ ዓመት የኖርኩት፤ የሚገድል ቢሆን እኔን ይገድለኝ ነበር» አልኳት። «እሱን ነው የምንፈትሸው እኮ አባባ፤ ገና አላወቅንም» አለችኝ። አላወቅንም የሚል የተማረ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ብልቃጧ ፍሪጃችን መሃል መደርደሪያ ላይ ገባች። ፍሪጃችን አርጅቷል። ሲነሳ ያንቋርራል፣ ቤቱን ያንቀጠቅጣል፣ ግን ያቀዘቅዛል። እኔው ነኝ ማለት ነው። ሰላማዊት ትእዛዟን ሰጠች፤ ሙቀቱ በሁለትና በስምንት ዲግሪ መካከል ይሁን፣ መሞቅ የለባትም፣ በረዶ ሆና መድረቅም የለባትም።

«ብትሞቅ ምን ትሆናለች?»

«ትታወራለች። ወይ ማንንም አታውቅም፣ ወይ ደግሞ ያገኘችው ቤት ሁሉ ገብታ ሞት አለ ትላለች።»

ያቺን ማታ ፍሪጁን እየከፈትኩ አየኋት። ወርቄ «ስትከፍተው ነው የሚሞቀው፣ አንተ ሰውዬ» እስክትለኝ ድረስ።

ከዚያ ሰላማዊት አዲስ አበባ ሄደች። ሴሎቹ እዚያ ነው ያደጉት፤ ከነሱ የተቀዳውን ናሙና ይዛ ልትመለስ። «መብራት ከጠፋ ብቻ ይደውሉልኝ» አለችኝ። በምትመለስበት ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ወርቄ ከጓዳ ጠራችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍሪጁ ዝም አለ።»

ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ዝም ብሏል። ማብሪያውን ቀጭ አደረግሁት፤ ምንም። ጎረቤት ጠየቅሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። ያ ፍሪጅ ሲጮህ ስሰድበው የኖርኩት ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት «ጩህ እባክህ» ብዬዋለሁ።

ደወልኩላት። አውቶቡስ ላይ ናት፣ ሶዶ አካባቢ።

«አባባ፣ መች ይመጣል አሉ?»

«ማን ያውቃል። ማታ የሚሉም አሉ፣ ነገ የሚሉም አሉ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ከሞቀች ሌላ እስክትመጣ ዓመት ነው፤ ዘንድሮ አልመረቅም» አለች። «እናቴ ለምርቃቱ ልብስ አሰፍታ ጨርሳለች።»

እንዲህ ባትል ይሻለኝ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ፣ አዲስ ቀሚስ ይዛ ፊቴ ቆመች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጋሽ ከድር ሱቅ ጄኔሬተር አለ። የለስላሳ ፍሪጁ ደግሞ ልክ ነው፣ አያደርቅም።»

«ሌላ ሰው ጥሪ።»

«ማን አለ አባባ?»

አሰብኩ። አሳ ቤቶቹ በረዶ አላቸው። ብልቃጧን ሰላማዊት ትታው በሄደችው የፎም ሳጥን፣ ከፍሪጁ አናት ከተገኘችው ትንሽ በረዶ አጠገብ፣ በወርቄ ፎጣ ጠቅልዬ አስገባኋት። ሳጥኑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ጥሩምባዋ ከትከሻዬ ተንጠልጥላ ወጣሁ። አሳ ቤቱ ደረስኩ። ሰውዬው ሳጥኑን አይቶ «ምን አመጣህልን፣ ቆሮሶ ነው አምባዛ?» አለኝ። በረዶ ብዬ ስጠይቀው፣ «መብራት ሲጠፋ የቀረችውን ጠራርገው ወደ ጫሞ ወሰዷት፤ ጀልባዎቹ እየገቡ ነው» አለ። ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጥቼ የሆቴል ፍሪጅ ልለምን ብዬ ታክሲ መያዣው ሄድኩ። ሚኒባስ የለም። ቆምኩ። ፀሐይዋ ሳጥኑ ላይ፣ እኔ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ጋቢዬ እኔና ሳጥኑ ላይ። ከሳጥኑ ጥግ አንድ የውሃ ጠብታ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ።

ያ ጠብታ ነው ያዞረኝ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ከድር ሱቅ መራመድ ጀመርኩ።

እንግዲህ ያቺን ሕግ አስታውሱልኝ። ጥሩምባ ነፊ፣ ጥሩምባውን ይዞ፣ ፊቱን ከስክሶ፣ በቀን ብርሃን ወደ ሰብሳቢው ቤት ይቸኩላል። ይሄንን የሚያይ የሰፈራችን ሰው ምን ይላል?

መጀመሪያ ያየችኝ ጎረቤቴ ዘነበች ናት። ደጇ ላይ ሃላኮ እየሸመጠጠች ነበር።

«ጋሽ ኦልታዬ፣ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ማን ነው እላለሁ?»

«ማንም አልሞተም አልኩሽ፣ ዘነበች።»

ይሄን ጊዜ ዝም ብል ይሻል ነበር። እኔ እሷን በማውቃት ዘመን ሁሉ ወደ ሰብሳቢ ስሄድ የማንንም ስም ተናግሬ አላውቅም፤ «ማንም» ነው የምለው። ቅጠሏን ጥላ ተነሳች፣ ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰችና ተከተለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ወጣ። ደንበኛውም ወጣ። ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ።

«ወደየት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ከድር።»

«ከድር ጋ? ደጃፉን አልረግጥም ብሎ የለም እንዴ?»

«ከድር ጋ ከሄደማ የሞተው ትልቅ ሰው ነው።»

ዞሬ ላስረዳ አሰብኩ። ግን ምን ብዬ ላስረዳ? ካስፔዝ ልበላቸው? ፎጣው ደግሞ መራስ ጀምሯል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ፍጥነቴን ጨመርኩ። እኔ ስፈጥን እነሱም ፈጠኑ። ወጣቶቹ የድንኳን ቋሚ ለማምጣት ወደ ዕድሩ መጋዘን ሲሮጡ በዓይኔ ጥግ አየሁ። አንዲቱ ማልቀስ ጀመረች። ማንን እንደምታለቅስ እንኳ ሳታውቅ እንዴት አሳምራ ታለቅሳለች መሰላችሁ! እኔ ራሴ ሆዴ ባባ።

ከድር ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ጥሩምባዋን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። የእጁን ጨርቅ ጣለና ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«የእኔ ቤት ነው?» አለኝ። «ኦልታዬ፣ ንገረኝ። እናቴ ናት?»

የከድር እናት አገር ቤት ናቸው፤ አርጅተዋል። አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ ነው ኩርፊያዬ ከሆዴ የተነቀለው። ለአንድ ወር ያህል እንዴት አድርጌ ላሳፍረው እችላለሁ እያልኩ ሳሰላ ነበር፤ አሁን እንዲህ ደረቱን ይዞ ሳየው ግን አንድም ደስ የሚል ነገር አላገኘሁበትም።

«እናትህ ደህና ናቸው» አልኩት።

«በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። ግን ጥሩምባ ነፍቻለሁ እንዴ? ማንም አልሞተም። ፍሪጅህን ፈልጌ ነው።»

የምታለቅሰዋ ለቅሶዋን መሃል ላይ አቆመች።

«ምንህን?» አለ ከድር።

ነገርኩት። የሰላማዊትን ብልቃጥ፣ መብራቱን፣ ሁለትና ስምንቱን፣ የእናቷን ቀሚስ። ዘነበች ከኋላ አንገቷን አስግጋ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለች። ውሸት አልወድም። «ሞት የገባበትን ቤት ለይታ የምታውቅ ናት» አልኳት።

ያ ሁሉ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ሰውዬ «እባክህ ሳጥኑን ወደዚህ አታዙረው» አለኝ። አንዱ ደግሞ ሳል ይዞት ነበር፤ አፉን በእጁ ይዞ ሳሉን ዋጠው። «የሰውን ቤት አይደለም፤ የሴልን ቤት ነው» ብል ማን ሊሰማኝ።

ከድር ነፍሱ ተመለሰችለት። ነፍሱ ስትመለስ ነጋዴነቱም አብሮ ተመለሰ።

«ይሄንን ከለስላሳው ጋር? ሰው ሰምቶ ከእኔ ምን ይጠጣል?» አለ። ከዚያ ወደ እግሬ ተመለከተ። «ደግሞ አንተ ደጃፌን አልረግጥም ብለህ የለም?»

«አልረገጥኩም» አልኩት። እውነቴን ነው። አንድ ክንድ ያህል ርቄ፣ እጆቼን ዘርግቼ ሳጥኑን ወደ ውስጥ እያቀበልኩት ነበር የቆምኩት። «ተቀበለኝና አስገባው።»

«ግባና ራስህ አስቀምጥ።»

«ተቀበለኝ።»

«ግባ።»

«አልገባም፣ ተቀበለኝ።»

እንዲህ ቆምን። ሁለት ያረጁ በሬዎች ማለት ነን። እጄ መዛል ጀመረ። ከሳጥኑ ጥግ ጠብ... ጠብ... ይላል። ያቺ ብልቃጥ ባሕር አቋርጣ፣ ክረምት ጠብቃ መጥታ፣ በኔና በከድር ግንባር መሃል ልትሞቅ ነው። ሰላማዊት አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስልኳን ይዛ ስታየኝ ታየኝ።

ሳጥኑን ለዘነበች ሰጠኋት። እሷም ደንግጣ ሩቅ አድርጋ ያዘችው፣ እንደ ጋለ ድስት። እኔ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ወረድኩ። እዚያ ውሃ ስለሚያልፍ ሳሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጭብጥ ሙሉ ነቀልኩ። ተመለስኩና ጥሩምባዋን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ሳሩን በሁለት እጄ ይዤ ከድር ፊት ተንበረከክሁ።

የሌላ አገር ሰው ከሆናችሁ ልንገራችሁ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገር አለቀ። ጦር የተማዘዙ ሰዎች እንኳ ያንን ሳር አይተላለፉትም። እኔ ይህን ያደረግሁት ለሰው ጠብ ነው፣ ለመሬት ነው፣ ለደም ነው። ለብልቃጥ ሳደርገው የመጀመሪያዬ ነው፤ በዓለምም የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ከድር ስልጤ ይሁን እንጂ የሳሩን ነገር ከእኔ እኩል ያውቃል። እየሮጠ ወጣ።

«ተነስ! ተነስ አቦ፣ ሰው ምን ይለኛል!» ሳሩን ከእጄ ተቀበለ፣ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። ጉልበቴ ቀጭ ሲል ሰፈሩ ሰማው። «ለዚህ ለዚህ ማን ከለከለህ? ና ግባ» አለና ክንዴን ይዞ ደጃፉን አብረን ረገጥን።

ፍሪጁን ከፈተ። ከመሃል መደርደሪያ የብርቱካኑን ለስላሳ ገፋ ገፋ አደረግሁና ብልቃጧን አስቀመጥኩ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። እንደዚያ የሚያምር ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ስንወጣ ድንኳኑ ግማሽ ተተክሏል። ዘነበች ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«እና ማንም አልሞተም?»

«ማንም።»

«ንፍሮው ተጥዷል እኮ።»

ከድር ድንኳኑን አየ፣ ሰዉን አየ። «እንግዲህ ጨርሳችሁ ትከሉት» አለ። «ንፍሮውም ይምጣ። ለስላሳ ከእኔ።» ተቀመጥን። ማንም ሳይሞት በተተከለ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የበላነው ያን ቀን ብቻ ነው። አልቃሻዋን «ለማን ነበር ያለቀስሽው?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ለማንም ይሁን፣ ይቀመጥለታል» አለች። ከብርቱካኑ ለስላሳ ግን ማንም አልጠጣም፤ ያ እስካሁን አልተሸጠም ይላል ከድር።

አመሻሽ ላይ ሰላማዊት ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጣች። ድንኳኑን ስታይ እኔ የሞትኩ መስሏት ሻንጣዋን ጥላ ሮጠች። ንፍሮ አፌ ሞልቶ ስታገኘኝ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ሄዳ ፍሪጁን ከፍታ ብልቃጧን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

«ቀዝቃዛ ናት» አለች።

ሥራው ቀናት ወሰደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው መጣች። ስልኩ ላይ ነጭ ወረቀት መሳይ ነገር አለ፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር፣ በጥፍር ላይ ያለ ቆሻሻ የምታክል።

«ይሄ ማን ነው?»

«የተቆረጠው ካስፔዝ! አወቀችው አባባ። አልታወረችም። ሥራዬን ልጨርስ ነው፤ እመረቃለሁ።»

ወርቄ እልል አለች። እኔ ግን ከመስመሩ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አየሁ። «እዚህ ጋስ ለምን መስመር የለም?»

«እነዚያ ሃላኮ ያልነካቸው የካንሰር ሴሎች ናቸው። መሞት እምቢ ብለዋል።»

«እምቢ ማለት ይችላሉ?»

«ካንሰር ማለት እሱ ነው። ደህናው ሴል ቀኑ ሲደርስ ራሱን ያጣጥፋል፣ ያለውን ለጎረቤት ያከፋፍላል፣ ማንንም ሳይረብሽ ይሄዳል። በቦታው ሌላ ይተካል። እምቢተኛው ግን ቦታ አይለቅም። ይቀመጣል፣ ጎረቤቱን ያስቸግራል።»

ጥሩምባዬን በእጄ ዳበስኳት። «ይሄ ለእኔ ነው?»

«ኧረ ለሴል ነው አባባ!»

«ለሱ ነው» አለች ወርቄ ከጓዳ። «ለሱ ነው፣ አትፍሪ።»

ጋቢዬን አራግፌ ገባሁ። እራቴን ሳላዋራቸው በላሁ። ጋደም ብዬ ግን ነገሩ አልለቀኝ አለ። ራሱን ያጣጥፋል... ለጎረቤት ያከፋፍላል... ደግሞ ያቺ ብልቃጥ ታየችኝ። እሷም ሥራ ላይ ባትሆንም አልሞተችም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጣ እስክትፈለግ ትጠብቃለች። ሰው በመሞትና እምቢ በማለት መሃል ሌላ መደርደሪያ ያለው መሆኑን በሰባ አንድ ዓመቴ የነገረኝ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩምባዬን በወርቄ ፎጣ ጠቀለልኳትና ወደ ከድር ሱቅ ሄድኩ። መንገድ አልተሻገርኩም። ሳርም አልያዝኩም። ደጃፉን ረግጬ ገባሁ፣ ፍሪጁን ራሴ ከፈትኩት፣ ብልቃጧ ተቀምጣበት በነበረው ቦታ፣ ባልተሸጠው ለስላሳ መሃል፣ ጥሩምባዬን አጋደምኳት።

«ይሄ ደግሞ ምን ይሁን?» አለ ከድር።

«ሞንታርቦህን አዙር። ይቺ ተቀማጭ ናት። መብራት ጠፍቶ ሞንታርቦው ሲሞትብህ ትጠራኛለህ። በሁለትና በስምንት መካከል አድርግልኝ።»

«ጥሩምባ ይበላሻል እንዴ?»

«ገና አላወቅንም» አልኩት፣ እንደተማረ ሰው።

ከድር ፍሪጁን ዘጋው። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ ልብ አልኩለት። ትከሻዬ ቀሎኝ ወደ ቤቴ ስመለስ ዘነበች ደጇ ላይ ሃላኮዋን እየሸመጠጠች ነበር። ባዶ ትከሻዬን አይታ እጇ ቆመ።

«ጋሽ ኦልታዬ፣ ጥሩምባው የት ሄደ? ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ ዘነበች። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጫት ነው።»

ትንሽ ሄጄ ዘወር ብል፣ ነጠላዋን ገልብጣ እየተከተለችኝ ነው።